መቶ አሥር ኪሎ

ሰውን በእህል ሚዛን ላይ አቁሞ መዝኖ «በል እንግዲህ፣ ከዛሬ ጀምሮ የትራክተር ክብደት አንተ ነህ» ሲባል የት ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኛ ዘንድ ተባለ። ከድብ ባሕር ከፍ ብሎ ባለው አገራችን፣ በጥር ወር፣ በቅዳሜ ገበያ ላይ፣ አያ ሰውአገኝን የእህል ነጋዴው ሚዛን ላይ አቆሙት። መርፌው ወዲያና ወዲህ ሲል ቆይቶ መቶ አሥር ላይ ጸጥ አለ። ገበያተኛው አጨበጨበ። ዕድሜ ልኩን «ሆዱ ቀድሞት በር ይገባል» እየተባለ ሲሾፍበት የኖረ ሰው፣ ያን ዕለት በውፍረቱ ተከበረ። ደስታውን የት ያስቀምጠው! ጋቢውን አስተካክሎ እየተንጎራደደ ወደ ቤቱ ሄደ።

ነገሩ እንዲሁ በጨዋታ የመጣ አይደለም። ባለፈው ክረምት የኪዳነ ምሕረት ቤተ ክርስቲያን ቅጥር ተናደና ኮሚቴው ከጎንደር አንዲት ትንሽ ትራክተር አስመጣ። ትንሽ ስል የእውነት ትንሽ ናት፤ ሁለት የተጠመዱ በሬዎች ከሚይዙት ቦታ ብዙም አትበልጥም። ከፊቷ ሁለት የብረት ክንድ አላት፤ በክንዶቹ ጫፍ ድንጋይና አፈር የሚነሣበት መዛቂያ ተሰክቷል። ነጂዋ ሄለን ናት፣ የአያ ሰውአገኝ አንድ ልጅ። ጎንደር ላይ ተምራ፣ መንጃ ፈቃዷን ይዛ የመጣች፣ ወሬ የማታበዛ፣ ሥራዋን የምታውቅ ልጅ ናት።

ትራክተሯ በመጣች በሦስተኛው ቀን ሄለን መዛቂያውን ድንጋይ ሞልታ ብድግ ብታደርገው፣ የኋላ ጎማዎቹ ከመሬት ተነሡ። ከብቦ የሚያየው ሰው ሁሉ «ወይኔ!» ብሎ ሸሸ። እሷ ቀስ አድርጋ አወረደችና ከመቀመጫዋ ሳትነሣ ተናገረች።

«የፊት ጭነት የኋላ ክብደት ይፈልጋል። ኋላዋ ላይ ከባድ ነገር ካልታሰረባት በአፍንጫዋ ነው የምትተከለው። ደግሞ ስሙኝ፤ ፍሬኗ የሚይዘው የኋላ ጎማዎቹን ብቻ ነው። ኋላዋ ቀለለ ማለት ፍሬን የለኝም ማለት ነው።»

ኮሚቴው ተሰበሰበ። አቤት የእኛ ኮሚቴ መሰብሰብ ሲወድ! መጀመሪያ ጎማው ላይ የሚታሰር የብረት ክብደት ይገዛ ተባለ፤ አዘዞ ያለው ሻጭ በስልክ «ይመጣል» አለ፣ መቼ ሲሉት «ሲመጣ ነዋ» አለ። ቀጥሎ ጎማው ውስጥ ውሃ ይሞላ ተባለ፤ ጎማ ጠጋኙ «የእናንተ አገር ውርጭ ጎማ ውስጥ በረዶ ይሠራል፤ ጎማውም ያረጀ ነው፤ እኔ እጄን አላስገባም» ብሎ ሄደ። ሄለን የፈለገችው ሌላ ነበር። በርሜል ለሁለት ተቆርጦ፣ በሲሚንቶና በጠጠር ተሞልቶ፣ ሲደርቅ ከትራክተሯ ኋላ እንዲታሰርላት ነበር የጠየቀችው። ይሄኔ የኮሚቴው ሰብሳቢ አያ ኪዳነወልድ ብድግ አለ።

«የኪዳነ ምሕረትን ሲሚንቶ ለማኪና ቂጥ? እኔ በቁሜ?»

ያለ ሲሚንቶ ድንጋይ ብቻ እንሙላበት ብለው ሞከሩ። በርሜሉ የዛገ ነበርና በመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ቂጡ ወልቆ ድንጋዩን ሁሉ መንገድ ላይ ዘረገፈው። ከኮሚቴው አንዱ ቀልደኛ፣ ስሙን አልጠራም፣ «አያ ሰውአገኝ አለ አይደል እንዴ!» አለ። ሳቁ። ሲስቁ ቆዩና ሳቁ አለቀ፤ ሐሳቡ ግን እዚያው ቀረ።

ሄለን እንቢ አለች። «ሰው ክብደት አይሆንም! ያስተማሩኝ ሰዎች ይሄን ቢሰሙ መንጃ ፈቃዴን ነው የሚቀድዱት» አለች። ያግባባት ራሱ አባቷ ነው። «ልጄ፣ እኔ ከኋላሽ ብቆም ምን ክፋት አለው? ሸጋ ነገር ነው እንጂ» አላት። ሦስት ቀን አሰበችበት። በመጨረሻ እሷ ግማሽ ጭነት ብቻ ልትጭን፣ እሱም ከኋላ በታሰረ ወፍራም ሳንቃ ላይ ቆሞ የብረት መያዣ ጨብጦ ሊሄድ ተስማሙ። አንድ ነገር ግን አስማለችው።

«ከመቶ ኪሎ እንዳታንስ። ካነስክ የዚያኑ ቀን ትነግረኛለህ፣ አባየ።»

«ከመቶ? እኔ?» ብሎ ሆዱን በመዳፉ መታ መታ አደረገ። «ኪዳነ ምሕረትን! እነግርሻለሁ።»

እስከ ሁዳዴ መግቢያ ድረስ ሥራው ሸጋ ሆኖ ሄደ። ሰው ሁሉ አያ ሰውአገኝን «ክብደታችን» ይለው ጀመር፤ እሱም ሲጠሩት አቤት ይል ነበር። በጥር መጨረሻ አንድ ቀን፣ ከድንጋይ ማውጫው ወደ ቤተ ክርስቲያኑ በሚወስደው ቁልቁለት፣ ጥምዙ ጋ፣ የፊት ጎማዋ ተንሸራቶ ኋላዋ ሊነሣ ሲል ሄለን የኋላ ማርሽ አስገብታ ነዳጅ ብትሰጣት፣ ጎማው መሬቱን ነክሶ ወጡ። «መቶ አሥር ኪሎ አዳነን» አለች። አያ ሰውአገኝ ይህችን ቃል ላገኘው ሰው ሁሉ ሳምንት ሙሉ ሲደግማት ሰነበተ።

ከዚያ ሁዳዴ ገባ። ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው፤ አያ ሰውአገኝ ለማንም ያልነገረው ስእለት ነበረበት።

የዛሬ ሦስት ዓመት ገደማ ሄለን ለሰሊጥ ሥራ ወደ ሳንጃ ወርዳ ካላዛር ይዟት ተመለሰች። ሆዷ አብጦ፣ ሰውነቷ አልቆ፣ ብርድ ብርድ እያላት ትኩሳቱ ሲነሣባት ግንባሯ እጅ የማያስነካ ሆና ጎንደር ሐኪም ቤት ተኛች። እናቷ ገና በልጅነቷ ሞታለች፤ አያ ሰውአገኝ ከሷ በቀር ማንም የለውም። ከግቢው አጥር ሥር ሁለት ሳምንት ከረመ። አንድ ጠዋት ግንባሯን ነክቶ ሲወጣ ፊቱን ወደ አጥሩ አዙሮ ተሳለ። «እመቤቴ ኪዳነ ምሕረት፣ ልጄን ማሪልኝ። ሦስት ሁዳዴ እንጀራ በአፌ አይገባም፤ ጥሬና ውሃ ብቻ፣ እሱንም ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ። ሦስተኛው ፋሲካ እስኪመጣ ለሰው አልናገርም። ቃሌን ባፈርስ መልሰሽ ውሰጃት» አለ። እንዲህ ብሎ የሚሳል ምን ዓይነት ሰው ነው ትሉ ይሆናል። የጨነቀው ሰው ነዋ!

ልጅቷ ዳነች። ሁለቱን ሁዳዴ ጎንደር ስለነበረች አባቷ ከስቶ እንደገና ሲወፍር አላየችም። ይሄኛው ሦስተኛው ነው።

ጥሬ የሚቆረጥም ሰው መቶ አሥር ኪሎ ሆኖ አይቆይም። ደብረ ዘይት ሳይደርስ አያ ሰውአገኝ ቀበቶው ላይ በወስፌ ሁለት አዲስ ቀዳዳ በሳ። ገበያ ሲወጣ ነጋዴው ዞር እስኪል ጠብቆ ሚዛኑ ላይ ይወጣል፤ መቶ ሁለት፣ ከዚያ ዘጠና አራት፣ በመጨረሻው ቅዳሜ ሰማንያ ስምንት። ፊትህ ከሳ ሲሉት «ጾም ነው» ይላል፤ በሁዳዴ የማይከሳ የለምና ማንም ነገሬ አይለውም። ያ ሁሉ ኮሚቴ ተሰብስቦ፣ በጥር የተመዘነ ሰው በሚያዝያ ያው እንደማይሆን ለአንዱ እንኳ ትዝ አለው? አላለውም! ሄለንም ራሷ እየጾመች፣ ራሷ ቀሚሷ እየሰፋት፣ በልቧ ያለው ቁጥር መቶ አሥር ብቻ ነበር።

እሱ ግን ያውቃል። እንዳይነግራት ስእለቱ አለ፤ እንዳይደብቃት መሐላው አለ። ሁለቱም በአንዲት ኪዳነ ምሕረት ስም ነው። ሲጨንቀው ሰንብቶ አንድ ዘዴ አገኘ፤ ጠፍጣፋ ድንጋይ እየለቀመ በጆንያ ቁራጭ ሰፋና በወገቡ ዙሪያ ይታጠቀው ጀመር። ሃያ ኪሎ ያህል ይሆናል። በላዩ ሁለት ጋቢ ደርቦ ሲቆም ያው የጥር ወሩ ሰውአገኝ ነው፤ ሄለን እንደሆነች ከፊት ተቀምጣ መንገዷን ነው የምታየው። ድንጋዩ ግን ወገቡን ላጠው። ቆዳው ቆሰለ፤ ቁስሉ ከጆንያው ጋር እየተጣበቀ ማታ ማታ ሲፈታው ጥርሱን ነክሶ ነው።

ለሆሣዕና ሁለት ቀን ሲቀር፣ ዓርብ ዕለት፣ አያ ኪዳነወልድ «ሕማማት ሳይገባ የማዕዘኖቹ ድንጋዮች መድረስ አለባቸው፤ የሆሣዕና ዑደት በፈረሰ ቅጥር አይዞርም» አለ። የቀሩት ሦስት ድንጋዮች ናቸው። አያ ሰውአገኝ ጠዋት ትጥቁን ሊታጠቅ ሲል ቁስሉ አላስነካ አለው። «ሦስት ድንጋይ ነው። ለዛሬ ብቻ» አለና ትጥቁን መደቡ ሥር ገፋው። ሁለት ጋቢ ደርቦ ወጣ።

ሁለቱን ድንጋይ በሰላም አወረዱ። ሦስተኛው ትልቅ ነበር። ሄለን ዞራ ዞራ አየችውና «ይሄ ከግማሽ ጭነት ትንሽ ያልፋል» አለች፤ ከዚያ ወደ አባቷ ዘወር ብላ ፈገግ አለች፤ «ግድ የለም፣ መቶ አሥር ኪሎ አለኝ።» አያ ሰውአገኝ ያን ጊዜ መናገር ነበረበት። አልተናገረም። ድንጋዩ እንዳይንከባለል ራሱ በሰንሰለት ከመዛቂያው ጋር ጥፍር አድርጎ አሰረው፤ ሳንቃው ላይ ወጣ፣ ብረቱን ጨበጠ።

ጥምዙ ጋ ሲደርሱ ሰባት ሰዓት ሆኗል። መንገዱ እዚያ ላይ በጣም ጠባብ ነው፤ በቀኝ የተቆረጠ ተረተር፣ በግራ ገደል። መታጠፊያው ጠርዝ ላይ ጉልበት የሚያህል አለት ስላለ፣ ሄለን ሁልጊዜ መሬት ለመሬት የምትወስደውን ጭነት እዚያ ስትደርስ ከፍ አድርጋ በአለቱ ላይ ታሳልፋለች። ከፍ አደረገች። መሪውን ስትጠመዝዝ የፊት ጎማው በላላው ጠጠር ላይ ሸርተት አለና መዛቂያው ከነድንጋዩ ከመንገድ ወጥቶ ገደሉ ላይ ተንጠለጠለ። አያ ሰውአገኝ ሳንቃው ከእግሩ ሥር ወደ ላይ ብድግ ሲል ተሰማው። ከዚያ ቆመ። ሞተሩም ጠፋ።

ከታች ከገደሉ ሥር የቤተ ክርስቲያኑ ዛፎች ይታያሉ። በጾም ቅዳሴው ከቀትር በኋላ ነውና አገሩ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። «ኪርያላይሶን» የሚለው ድምፅ በነፋሱ ይመጣል፣ ይሄዳል።

«አባየ» አለች ሄለን። ድምጿ ቀስ ያለ ነው። «እንዳትንቀሳቀስ።»

«አልንቀሳቀስም።»

«ፍሬን ረግጫለሁ። ጎማው መሬቱን በጭንቅ ነው የነካው።»

«ድንጋዩን ጣይው።»

«በሰንሰለት አስረኸዋል እኮ።»

አያ ሰውአገኝ የገዛ እጁን አየ። «ክንዱንስ ዝቅ ብታደርጊው?»

«ዝቅ ሲል መጀመሪያ ወደ ፊት ይረዝማል። ይደፋናል።»

«በይ ዘለሽ ውረጂ!»

«በየት በኩል? በግራ ገደል ነው፣ በቀኝ ተረተሩ ገጥሞኛል። ደግሞ እግሬ ከፍሬኑ ሲነሣ ትሄዳለች። የእጅ ፍሬኑ ገመድ ከተበጠሰ ወር ሆኖታል፣ ኮሚቴው እናሠራለን ብሎ።» ትንፋሽ ወሰደች። «አንተ ግን መውረድ ትችላለህ። ቀስ ብለህ፣ አንድ እግርህን አስቀድመህ ውረድ።»

«ብወርድ አንቺስ?»

አልመለሰችለትም። በዚህች ምድር ላይ አያ ሰውአገኝን ቦታው ላይ የተከለው ያ ዝምታዋ ነው። እዚያች ሳንቃ ላይ እስካለ ድረስ ልጁ አለች፤ ከወረደ የለችም። ይሄን ለማወቅ መንጃ ፈቃድ አያስፈልግም። ጉልበቱን አጥፎ፣ ቂጡን ወደ ኋላ ገፍቶ፣ ያለችውን ክብደት ሁሉ ወደ ኋላ ጣለ። ወገቡ ላይ ያለው ቁስል ተከፈተ። መደቡ ሥር የቀረው ትጥቅ በዓይኑ ላይ መጣበት፤ ምነው ዛሬ ብቻ ብዬ ነበር፣ ምነው እጄ በተቆረጠ አለ በሆዱ።

ቆዩ። ተጣሩ፤ ማን ይስማቸው! ፀሐዩ አናቱን ይመታዋል፣ ሆዱ ባዶ ነው፣ እጁ ብረቱ ላይ ደርቆ ቀርቷል። ጋቢው ቢከብደውም ሊጥለው አልደፈረም፤ ጋቢም ክብደት ነው። ፊት ለፊቱ የሚታየው የልጁ ጀርባ ብቻ ነው። ያ ጀርባ መጀመሪያ ቀጥ ያለ ነበር፤ ቆይቶ ቀኝ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ጀመረ።

«እግሬ እየዛለ ነው» አለች። «ቅዳሴው እስኪያልቅ አይቆይልኝም። ስማኝ፣ አባየ። በጥር እዚሁ ቦታ ላይ እንዲሁ ሆነን ወጥተናል። ሞተሩን አስነሥቼ የኋላ ማርሽ አስገባለሁ። ፍሬኑን ለቅቄ በአንድ ጊዜ ነዳጅ ስሰጣት ጎማው ይነክሳል። ከኋላ መቶ አሥር ኪሎ አለኝ። ያወጣናል። እስከ ሦስት እቆጥራለሁ።»

ሞተሩ ተነሣ። ሳንቃው ተንቀጠቀጠ።

ጌታ ሆይ! አያ ሰውአገኝ ዝም ካለ፣ ልጁ በሌለ ክብደት ተማምና ፍሬን ልትለቅ ነው። ከተናገረ ስእለቱ ፈረሰ፤ «መልሰሽ ውሰጃት» ያለው በገዛ አፉ ነው። በዚህም እሷ ናት የምትሄደው፣ በዚያም እሷ ናት። ለፋሲካ ዘጠኝ ቀን! ዘጠኝ ቀን ብቻ ነበር የቀረው!

«አንድ» አለች ሄለን። «ሁለት—»

«ቁሚ!» ብሎ ጮኸ። «ሰማንያ ስምንት ነኝ!»

«ምን?»

«ኪሎየ! ሰማንያ ስምንት ነኝ! እንዳትለቂ፣ በናትሽ እንዳትለቂ!»

ሄለን ሞተሩን አጠፋች።

«ትነግረኛለህ ብዬ ነበር እኮ የማምነው» አለች። «ማልክልኝ እኮ!»

«ስእለት ነው።»

«የምን ስእለት?»

እሱም ነገራት። ለጀርባዋ ነገራት፤ አጥሩን፣ ጥሬውን፣ ሦስቱን ሁዳዴ፣ የድንጋይ ትጥቁን፣ ሁሉንም። የመጨረሻዋንም ቃል አልደበቀም። «ቃሌን ባፈርስ መልሰሽ ውሰጃት አልኳት» አለ።

«እኔን መያዣ አድርገህ?» ድምጿ ተለወጠ። «እኔን አስይዘህ ነው የተሳልከው? ማን ጠየቀህ? ለኔ ብለህ እየተራብክ እኔኑ ገደል አፋፍ አቆምከኝ እኮ፣ አባየ!»

«እውነትሽን ነው።»

«ምነው አንድ ቃል ብትነግረኝ? ዛሬ ጠዋት፣ ድንጋዩን ስናይ፣ አንድ ቃል!»

«እውነትሽን ነው፣ ልጄ።»

ታለቅሳለች። ስታለቅስ ትከሻዋ ይነሣል፣ ትራክተሯም አብራ ትንቀጠቀጣለች፤ ይሄን ስታውቅ ልቅሶዋን ዋጠችው። አያ ሰውአገኝ ከዚህ የባሰ ነገር አይቶ አያውቅም። ልጁ እንደ ልቧ ማልቀስ እንኳ አልቻለችም። እጁን ዘርግቶ ሊዳስሳት ፈለገ፤ እጁን ቢያነሣ ክብደቱ ወደ ፊት ይመጣል። አላነሣም።

«ይበርድሻል?» አላት ጥቂት ቆይቶ።

«ምነው?»

«እንዲያው። ብርድ ብርድ አይልሽም?»

«በዚህ ፀሐይ?» አለች፤ ነገሩ አልገባትም።

የአህያ ኮቴ የሰሙት ያን ጊዜ ነው። ከላይ ከምንጩ በኩል እትየ አየለች ነጠላዋን አገልድማ አህያዋን እየነዳች መጣች። እትየ አየለች ባልቴት ናት፤ ለቅጥሩ ጭቃ የሚሆን ውሃ በማመላለስ በረከት አገኛለሁ ብላ ሁዳዴውን ሙሉ ስትሮጥ የከረመች፣ ምላሷ ከጉልበቷ የማይተናነስ ሴት።

«ምነው እዚህ ቆማችሁ ታወጋላችሁ?» ብላ ተጣራች። ቀርባ ስታየው ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች። «ወይ እመቤቴ! ወይ ጉድ!»

«እትየ አየለች፣ ውሃ ይዘሻል?» አለ አያ ሰውአገኝ።

«ምነው፣ ጠማህ? ገና ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም እኮ!»

«ስንት ሊትር ነው?» ያለችው ሄለን ናት።

«ሁለት ጀሪካን፣ ሃያ ሃያ።»

ሄለን በልቧ ስትደምር ከኋላ ያለው ሰው ሁሉ ሰማት ማለት ይቻላል። ሰማንያ ስምንትና አርባ። ድምጿ ተመለሰላት። «እትየ አየለች፣ የምልሽን ብቻ አድርጊ። መጀመሪያ ድንጋይ አምጪና ከኋላ ጎማዎቹ ፊት ፊት ክተችልኝ። ሸጋ። አሁን ጀሪካኖቹን በአህያዋ ገመድ አያይዢና በአባየ ትከሻ ላይ ወደ ጀርባው አንጠልጥያቸው። ብረቱ ላይ አይሆንም፤ ወደ ኋላ በራቀ መጠን ነው የሚከብደው።»

«ሰው ላይ ጭኜ አላውቅም እንጂ መጫንስ አውቃለሁ» አለችና እትየ አየለች ወደ ሥራዋ ገባች። እጇም አፏም አላረፉም። «አይዞህ፣ ጥርኝ ውሃ ሚዛን የደፋላት እመቤት አለች። አይዞህ፣ አንተየ! እኔም ልውጣልህ?»

«አንቺ ሁለት ጀሪካን አትሞይም» አላት፤ እንዴት እንደ ቀለደ ራሱም አያውቅም።

ገመዱ ትከሻው ላይ አረፈ። አንዱ ጀሪካን በግራ፣ አንዱ በቀኝ፣ ጀርባው ላይ ተንጠለጠሉ፤ ውሃው ውስጥ ለውስጥ ሲንቦጫቦጭ ይሰማዋል። ሳንቃው ከእግሩ ሥር ትንሽ፣ ጣት የምታህል ትንሽ፣ ዝቅ አለች።

«ተሰማሽ?» አላት።

«ተሰማኝ። አባየ፣ ሌላ የደበቅከኝ ነገር አለ?»

«የለም።»

«ማልልኝ አልልህም። አለ?»

«የለም፣ ልጄ።»

ሞተሩ ተነሣ። አልቆጠረችም። ጎማው አንዴ ባዶውን ዞረ፣ ጠጠር ረጨ፣ አያ ሰውአገኝ ወደ ኋላ ተንጋልሎ የሰማይን እንጂ የምድርን ነገር አላየም፤ ገመዱ ሥጋው ውስጥ ገባ። ከዚያ ጎማው ነከሰ። ሳንቃው ድብ ብሎ ወረደ። ትራክተሯ እያጓራች አሥር እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄዳ ሜዳው ላይ ቆመች፤ ሄለን መዛቂያውን ድንጋዩን እንደያዘ መሬት ላይ አሳረፈችው።

እትየ አየለች እልል ልትል አፏን ከፍታ ሁዳዴ መሆኑ ትዝ አላትና ያዘችው። አያ ሰውአገኝ ግን አልወረደም፤ እጁ ብረቱን አልለቅም ብሎታል። ጣቶቹን አንድ በአንድ ፈልቅቃ ያስለቀቀችው እትየ አየለች ናት። ጀሪካኖቹን አወረደችለት፤ ጋቢዎቹም አብረው ወደቁ።

ሄለን እያነከሰች ዞራ መጣች። ያን ቀን አባቷን ያለ ጋቢው ስታየው ይህ የመጀመሪያዋ ነበር። ሸሚዙ በሰውነቱ ላይ ተንጠልጥሏል፤ ቀበቶው የሞላው ቀዳዳ ነው፤ ወገቡ ላይ ደም አዝሏል። ልትቆጣ የያዘችው ቃል ነበራት፤ ጠፋት።

እሱም ያየው ሌላ ነገር ነበር። በትኩሳት የምትነድ መሰለው። ቃሉ ፈርሷል፤ ቃሉን ያፈረሰው እሱ ነው። እንደምንም ተራምዶ መዳፉን ግንባሯ ላይ አደረገ። ግንባሯ በላብ ርሷል፣ ቀዝቃዛ ነው። አላመነም። እጁን ገልብጦ በጀርባው ነካት።

ይሄኔ ነው የገባት። «ለዚህ ነው ይበርድሻል ወይ ያልከኝ?» አለች።

እጁን አላነሣም፤ እሷም አላራቀችውም። ከታች የቅዳሴው መውጫ ደወል ተደወለ፤ ዘጠኝ ሰዓት ሆኗል። እትየ አየለች አንዱን ጀሪካን ከፍታ «በል አሁን ጠጣ፣ ተፈቅዷል» አለችው።

ያ ድንጋይ እስከ ፋሲካ ማግስት ከተቀመጠበት አልተነሣም። ሄለን የዚያኑ ቀን የትራክተሯን ቁልፍ ወስዳ አያ ኪዳነወልድ መዳፍ ላይ አስቀመጠችና «ሲሚንቶው ሲገኝ ጥሩኝ» አለችው። ዑደቱ በፈረሰው ቅጥር ዞረ፤ ምንም አልሆነም። ሲሚንቶውም ተገኘ፤ ዛሬ በሲሚንቶ የተሞላ ግማሽ በርሜል ከትራክተሯ ኋላ ታስሮ ታዩታላችሁ።

አያ ሰውአገኝ የቀሩትን ዘጠኝ ቀናት ጥሬውን አልተወም፤ ሄለንም ተው አላለችውም፣ አብራው ቆረጠመች። በእነዚያ ዘጠኝ ቀናት በየጠዋቱ፣ ገና ሳትነሣ፣ በእግሩ ጣት እየተራመደ መጥቶ ግንባሯን ይነካ ነበር። አንዴ በመዳፉ፣ አንዴ በእጁ ጀርባ። ሄለን እሱ ሳይመጣ ነው የምትነቃው። ዓይኗን ግን አትገልጥም፤ ነክቶ እስኪጨርስ ትጠብቀዋለች።